መርሳ ላይ የወጣ የመኪና እሽቅድድም ሕግ

የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን፣ ያውም መርሳ ላይ፣ ከክፍል ስትወጡ የሚያልቅ ሥራ እንዳይመስላችሁ። የመድኃኒት ወረቀት የሚነበበው እኔ ዘንድ ነው። ስልኩ በፈረንጅ ቋንቋ የሚያናግረው ሰው የሚመጣው እኔ ጋ ነው። "አላውቀውም" ብል ማን ያምነኛል? ስለዚህ አላውቅም ማለት ከተውኩ ቆየሁ። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

መናኸሪያው አጠገብ የሐሰን ዲሽ ቤት አለ፤ እሁድ እሁድ ኳስ የምናይበት። አንድ እሁድ ኳስ አልነበረም። ሐሰን ሪሞቱን ይዞ ጣቢያ ሲያገላብጥ የመኪና እሽቅድድም ላይ ደረሰ። አዲስ ውድድር ነው፤ ከየአገሩ የመጡ ቡድኖች አሉበት። የመኪኖቹ ጎማ የትራክተር ያክላል። የሚሮጡትም አስፋልት ላይ ሳይሆን አሸዋና ድንጋይ ላይ ነው። የሚሄዱት በኤሌክትሪክ ነው። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ።

የቤቱ ግማሽ ሾፌር ነው። አስተያየት ለመስጠት ማን ይቅደማቸው?

ድሮ በአሰብ መስመር ተሳቢ ሲነዱ የኖሩት ጋሽ አሰፋ ገና በመጀመሪያው ዙር ፊታቸውን አዞሩ። "ሞተሩ ካልጮኸ ሾፌሩ ማርሹን በምን ያውቃል? ይኼ ልብስ ማጠቢያ ነው እንጂ መኪና አይደለም" አሉ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ በተወዳዳሪዎቹ ቀና። ወልድያ ድረስ ሄዶ ሁለት ቀን ለቤንዚን ተሰልፎ መመለሱ ነበር። "የታደሉ ናቸው፤ ሰልፍ የለባቸው" አለ። ሐሰን "መብራት ሲጠፋስ?" ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ቀና ብለን አምፖሉን አየነው።

ከዚያ መኪኖቹ ውድድሩ መሀል ላይ ቆሙ። ወንዱ ሾፌር ወረደ፤ ሴት ገባች። ወንዱ ጎንበስ ብሎ ቀበቶዋን አሰረላትና ተፈተለከች። ለካ በየመኪናው አንድ ወንድና አንድ ሴት ናቸው፤ እኩል እኩል ነው የሚነዱት። ቤቱ ተንጫጫ።

እንድሪስ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ በመርሳና በወልድያ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ። "ቲቸር፣ ሴትዮዋ ለምንድን ነው የገባችው? ሰውዬው ምን አለ?" አለኝ። ሰውዬው የተባለው ትንፋሽ ሳይወስድ የሚያወራው የእንግሊዝኛ ተንታኝ ነው። ከሚለው ውስጥ ለእኔ የገባኝ "ጎማ" እና "አቧራ" ብቻ ነው። ቤቱ በሙሉ አፍ አፌን ያየኛል።

"ሕጉ ነው" አልኩ። "ሴቷን መንዳት የሚያስተምራት አብሯት የሚነዳው ወንድ ነው። ወደኋላ ከቀረች ጥፋቱ የሱ ነው።"

ከየት አመጣኸው አትበሉኝ። አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። የእንድሪስ ሚስት ዘይነባ "መንዳት አስተምረኝ" እያለች ሁለት ዓመት እንደለመነችው ባለቤቴ ነግራኛለች። ባለፈው ክረምት እንድሪስ ወገቡን አሞት አንድ ወር ሲተኛ ሚኒባሷ ደጃፍ ቆመች፤ ቤቱም ተቸገረ። ዘይነባ የቆመችውን መኪና በመስኮት እያየች ከረመች። ከዳነም በኋላ እምቢ አላት። ታዲያ ያን ስናገር ዘይነባ ትዝ ብላኝ ነበር? ነበር አልልም፤ አልነበረምም አልልም።

ሕጉ ተወደደ። ከዚያ ወዲህ ሴት ሾፌር ስትሳሳት ሴቷን የሚናገር ጠፋ። "አላስተማራትም! እሷ ምን ታድርግ?" እየተባለ በወንዱ ላይ ይወረድበታል። ጋሽ አሰፋ ሳይቀሩ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። እንድሪስ የአንዲት ነጭ መኪና ደጋፊ ሆነ። የነጯ መኪና ሴት ደግሞ ጉድ ናት። ወንዱ አምስተኛ ሆኖ ያስረከባትን ሁለተኛ አድርጋ ታስገባለች። "አስተማሪዋን እዩት!" ይላል እንድሪስ ደረቱን ነፍቶ፣ ራሱ ያስተማራት ይመስል።

አንድ እሁድ ጋሽ አሰፋ ወደ እንድሪስ ዞር አሉና "አንተስ ዘይነባን ምን ላይ አደረስካት?" አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንድሪስ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በሳምንቱ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዝመራው በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ ሚኒባሷ ስትንገጫገጭ ታየች። መሪውን የያዘችው ዘይነባ ናት። እንድሪስ ከጎኗ ሆኖ "ፍሪሲዮን! ፍሬን! ኧረ ፍሬን!" ይላል። ዘይነባ መኪናዋን አጠፋች፤ ቁልፉን ይዛ ወረደች፤ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። እንድሪስ ሜዳው መሀል ተቀምጦ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ መጣ። "ቲቸር፣ አስተማሪው ቢጮህባትስ? ሕጉ ምን ይላል?"

ምን ልበለው? አንዴ ሕግ አውጪ ሆኛለሁ። "በአንድ ጩኸት አምስት ሰከንድ ቅጣት ይጨመርበታል" አልኩት።

"ወላሂ?"

"እንዴታ!"

ከዚያ በኋላ እንድሪስ ሲያስተምር ያዩት፣ ከንፈሩን ነክሶ የበሩን እጀታ ጨብጦ ነው የሚቀመጠው ይላሉ። ዘይነባ ብዙ ሳትቆይ ወልድያ ማሠልጠኛ ተመዘገበች። የፈተናዋም ቀን ተቆረጠ፤ ማክሰኞ።

ከማክሰኞው በፊት ባለው እሁድ ብሩክ የሚባል፣ አዲስ ወደ መርሳ የተዛወረ የባንክ ሠራተኛ ዲሽ ቤት ገባ። ጨዋ ልጅ ነው። "አላስተማራትም!" ሲባል ሰማ፤ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ፤ አስረዱት። ስልኩን አውጥቶ ትንሽ አነበበ።

"እንዲህ የሚል ሕግ የለም" አለ። "ሁሉም በየራሳቸው የበቁ ሾፌሮች ናቸው። የነጯ መኪና ሴትማ አብሯት ከሚነዳው በፊት ሻምፒዮን ነበረች።"

ሐሰን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። ጋሽ አሰፋ "ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ የፈረድነው በምንድን ነው?" አሉ። እንድሪስ አየኝና ወጣ።

ውሸታም መባሉን እችለዋለሁ። የፈራሁት የማክሰኞውን ነው። ተናዶ ቢያስቀራትስ? ወዲያው ተከትዬው ቤቱ ሄድኩ።

"አሰላሙ አለይኩም" ብዬ ገባሁ። እንድሪስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል። ዘይነባ ወንበር ሰጠችኝ። ተቀምጬ መናገር ስላልቻልኩ ቆሜ ተናገርኩ። "ሕጉ የኔ ፈጠራ ነው። ይቅር በሉኝ።"

"እሱንማ በመጀመሪያው ሳምንት ደርሼበታለሁ" አለች ዘይነባ። "ልጄን በስልኳ አስፈልጌ፣ የለም አለችኝ። አንቱ ምን ያስጨንቅዎታል?"

እንድሪስ ዞረ። "አውቀሽ ዝም አልሽኝ?"

"መሪው በእጄ ነው፣ አንተም መጮህ ትተሃል። ምን ብዬ ልናገር?"

እንድሪስ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ለምዶበት ነው መሰለኝ። "ማክሰኞ በጠዋት ነው የምንወጣው" አላት።

ዘይነባ አለፈች። በሐራ ገበያ ቀን የምትሸጠውን ዕቃ ጭና የምትነዳው አሁን ራሷ ናት። ተሳፋሪ ለመጫን የሚያበቃውን መንጃ ፈቃድ ደግሞ ለማውጣት እየተማረች ነው።

እኔ ግን ሦስት እሁድ ከዲሽ ቤት ቀረሁ። በአራተኛው ሐሰን ራሱ መጥቶ ወሰደኝ። ሊፈርዱብኝ ነው ብዬ ነበር። ለካ ጉዳዩ ሌላ ነው። ብሩክ ተርጓሚ ሆኖ እውነቱን ብቻ ይነግራቸዋል፤ ቤቱም ቀዝቅዟል። ሴቷ ብትሳሳት የሚወቀስ፣ ብታሸንፍ የሚሞገስ አስተማሪ የለ! "ውሸት ቢሆንም ከነሱ ሕግ ይሻላል" አለ የባጃጁ ሾፌር። የኔን ሕግ እንዲያወጡት ለውድድሩ አዘጋጆች ደብዳቤ ይጻፍላቸው ተባለ። እኔ ረቂቁን በአማርኛ ጻፍኩ፤ ብሩክ ወደ እንግሊዝኛ ሊመልሰው ተስማማ። መጀመሪያ ግን ሁሉም ይፈርም ተባለና ወረቀቱን ይዤ ዞርኩ።

እንድሪስንና ዘይነባን መናኸሪያው በር ላይ አገኘኋቸው። እሷ መሪው ላይ፣ እሱ ከጎኗ። ዘይነባ ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"አንድ ቦታ ተሳስተዋል" አለችኝ። "ሻምፒዮኗ እሷ ከሆነች አስተማሪውም እሷ ትሁን። 'ሴቷ ወንዱን ታስተምረው' በሉት።"

እንድሪስን አየሁት። እጁን ዘርግቶ ብዕሬን ወሰደ፤ ቃሉን በራሱ እጅ ሰርዞ አስተካከለና ፈረመ። ጋሽ አሰፋ ግን እንዲህ ባለ ሕግ ላይ ስማቸው እንደማይገባ ተናግረው እስከ ዛሬ አልፈረሙም።