ጋሽ ተክሉ ያላወቁት ነገር

ሁሉን የሚያውቅ ሰው የማይኖርበት ሕንፃ እስካሁን አልተሠራም። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ውስጥ አጸደ ለምትኖርበት ፎቅ የደረሱት ክቡር ጋሽ ተክሉ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሳትመዘገብ፣ ሊፍት ውስጥ አስተምረዋታል። «እኔን ስሚኝ» ብለው ሐኪሟ ያዘዘላትን መድኃኒት አርመዋል። ታክሲ ሲነዱ አንድ ፓይለት አሳፍረው ስለነበር፣ የወደቀ አውሮፕላን ሁሉ ለምን እንደወደቀ ከእሳቸው አይሰወርም።

ስለዚህ ልጇ ሶልያና ዳንፎርዝ መንገድ ባለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር አዳራሽ ስለ ትምህርቷ እንድትናገር ስትጋበዝ፣ አጸደ ለእሳቸው ትንፍሽ አላለችም። ስትደርስ ግን ፊተኛው ረድፍ ላይ ደብተራቸውን ይዘው ተሰይመዋል።

ሶልያና የምታጠናው በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶችን ነው። አጸደ ግን ሰው ሲጠይቃት «ኮከብ ታጠናለች» ነው የምትለው። ሰውም ወዲያው የተወለደበትን ቀን ይነግራታል። እዚያው ቶሮንቶ የተወለደችው ልጅ አማርኛዋ ለሰላምታ ይበቃል፤ ለሰማይ አይበቃም። ስድስት ዓመት ስትማር እናትና ልጅ ስለ ትምህርቷ አንድም ቀን በወጉ አላወሩም።

ንግግሯን በአማርኛ ከጀመረች አምስት ደቂቃ አልሞላም። «ይቺ ፕላኔት ታይዳሊ ሎክድ ናት... ላይክ...» አለችና ቆመች። እናቶች በሐዘኔታ ፈገግ አሉላት። አንዳንዱ ስልኩን አወጣ። ሶልያና ወደ እናቷ አየች። አጸደ ምን ትርዳት?

ጋሽ ተክሉ ተነሡ። አጸደ ዓይኗን ጨፈነች።

«በእንግሊዝኛ ንገሪኝ፣ ልጄ» አሉ። ነገረቻቸው። ሳያቋርጡ ሰምተው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ፀሐይዋ ቀይና ደብዛዛ ናት። ፕላኔቷ እሳት ዳር ተቀምጦ እንደማይዞር ሰው ናት፤ ፊቷ ይንገበገባል፣ ጀርባዋ ቆፈን ነው። ምናልባት ለኑሮ የሚመች ቢኖር፣ መሃል ላይ ያለው፣ ሁልጊዜ ሊመሽ ሲል የሚመስለው ቀጭን ቦታ ነው። ይኸው ነው?»

«ኢግዛክትሊ» አለች ሶልያና።

ስልኮቹ ወደ ኪስ ተመለሱ። አጸደ ዓይኗን ገልጣ፣ ልጇ ስድስት ዓመት የከረመችበትን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

«እና ጋሼ፣ እዚያ የሚኖር ፍጡር አለ?» ሲል ስለሺ የተባለ ወጣት ከኋላ ጠየቀ።

ሰው ሁሉ ለአንድ ሰዓት ማብራሪያ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ጋሽ ተክሉ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«እሱን አላውቅም» አሉ። «የትምህርቱ ባለቤት እያለች እኔን ለምን ትጠይቃለህ?» ብለው ተቀመጡ።

«እኔም አላውቅም» አለች ሶልያና በአማርኛ፣ እየሳቀች። «ግን እንፈልጋለን።»

ሲመለሱ ሰብዌይ ውስጥ ጋሽ ተክሉ እንደቆሙ፣ የዚህ አገር ባቡር ከጃፓን ባቡር በምን እንደሚያንስ ማስረዳት ጀመሩ። አጸደ ቦርሳዋን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አነሣች።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ባቡሩን ይተዉትና ስለዚያች ቀጭን ቦታ ይንገሩኝ። ዝናብ ይጥልባታል?»