«ሙ» ላይ የቀረው ፖስተር

በየሰፈሩ ጎረቤቱን ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ አንድ ሰው አይጠፋም፤ መጀመር ያውቃል፣ መጨረስ ግን አልተፈጠረበትም። የእኛ ሰፈሩ የተከበሩ አያ ገድሉ ናቸው። «ትንሽ ናት የቀረችው» ካሉ፣ ያች ትንሽ ሰው ታስረጃለች።

በልጅነታቸው ደቅ ደሴት ላይ ቁም ጽሕፈት ተምረዋል፤ ብራና ፍቀው፣ ለብዕር መቃ ቀርጸው። እጃቸው የተባረከ ነው፣ ይኸን አልክድም። ለጎረቤታችን ለብሥራት ሠርግ «መልካም ጋብቻ» ብለው እንዲጽፉልን ብንለምናቸው፣ ጽሑፉ የደረሰው ለመጀመሪያ ልጁ ክርስትና ነው። ሰቀልነው፤ ምን እናድርግ። የእድሩን ድንኳን ምልክት ያዘዙት ሊቀ መንበርማ ራሳቸው በዚያው ድንኳን ተለቀሰላቸው፤ ምልክቱ ያኔ ገና «እድ» ይል ነበር።

ፋሲሎ ሰፈር ማተሚያ ቤት ሲበዛ የሚያዛቸው ጠፋ። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው ሐይቁን ማየት ጀመሩ። እኔ ይኸን ነገር አውቀዋለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከፋብሪካ ሥራው ጡረታ የወጣ ጊዜ እንዲሁ ወንበር አወጣ፤ ክረምቱን አልዘለቀም።

ስለዚህ የልጅ ልጄ ምሥጋና ከጓደኞቿ ጋር ሐይቁ ዳር የሙዚቃ ፌስቲቫል ልታዘጋጅ መሆኑን ስትነግረኝ፣ ፖስተሩም ኮምፒዩተር ያልነካው፣ ሥዕል የሌለበት፣ በእጅ የተጻፈ ፊደል ብቻ ይሁን ስትል፣ እጇን ይዤ ወደ አያ ገድሉ ሄድሁ። እያወቅሁ።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ከዐቢይ ጾም በፊት ነው፣ ጋሼ።»

«እንደርሳለን። ቀለሙ ይጣድ።»

«ማርከር ይዤ መጥቻለሁ እኮ።»

ቤተ መቅደስ ውስጥ ያፏጨች ይመስል አዩዋት።

ቀለሙ ተጣደ፤ ከዚያ ደግሞ መብላላት አለበት ተባለ። ካርቶኑን እንደ ብራና በወስፌ እየወጉ አሰመሩት። ምሥጋና ከሥራ ስትወጣ ብቅ ትላለች።

«ጋሼ፣ የት ደረሰ?»

«ትንሽ ናት የቀረችው፣ ልጄ። የ‹ሐ› ትከሻ አልተፍታታም።»

«እስኪፍታታ ሰው ሳይሰማ ቢቀርስ?»

«የተጨነቀ ፊደል ያየ ሰውማ ቢሰማም አይመጣ።»

«የሐይቅ ዳር» የሚለው ሲያልቅ ሄጄ አየሁት። ፊደሎቹ ለማኅሌት እንደቆሙ ደብተራዎች ተሰልፈዋል፤ አሁን አንዱ ሊወዛወዝ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ያን ለት ተስፋ አደረግሁ፤ ሞኝ ነኝ።

«ሙዚቃ» የሚለውን ጀምረው «ሙ» ላይ ሲደርሱ እግሯ ወፈረ አሉ። ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በቢላ ይፋቃል። እሳቸውም ቢላቸውን አንሥተው ፋቁ። ካርቶን ግን የፍየል ቆዳ አይደለም፤ ተበሳ። አልደነገጡም፤ ብራና ሲቀደድ ይሰፋላ። መርፌና ክር ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው። ጥቂት እንደሰፉ ቅዱ እስከ «ሐ» ትከሻ ድረስ ሄደ።

ፖስተሩ ላይ ቀኑም የለ፣ የዘፋኞቹም ስም የለ። እነ ምሥጋና ማተሚያ ቤት ሮጡ፤ አልፈርድባቸውም። የፌስቲቫሉ ለት ያሳተሙት የሚያብረቀርቅ ባነር ባጃጅ ላይ ተጭኖ በበራችን አለፈ። አያ ገድሉ እስኪርቅ ድረስ ተከትለው አዩትና መቃቸውን ሰበሩ።

«እጄ ሞቷል፣ እመይቴ። ከእንግዲህ አልጽፍም።»

መሣቅ ያምረኝ ነበር በሌላ ቀን። ወንበሩ ግን ተመልሶ ሊወጣ ነው። በማግስቱ ሄድሁ።

«አያ ገድሉ፣ የመቃብሬን ድንጋይ ይጻፉልኝ።»

«ምን አሉ?»

«በክርስትና ስሜ፣ ወለተ ጊዮርጊስ ብለው። እዚያ ማተሚያ ቤት ስሜን እንዲያወጡብኝ አልፈልግም።»

ጣቶቻቸውን አየት አደረጉ።

«መቼ ነው የሚፈለገው?»

«እኔ አልቸኩልም።»

«ድንጋይ ላይ በመሮ ነው። መሮ የለኝም።»

«ይፈለጋ።»

ትናንት መጡ፤ ጫማቸው በድንጋይ ዱቄት ነጥቷል። አንዱን ድንጋይ አይተውት ገጹ ጠማማ ሆኖባቸዋል፤ ወደ ይፋግ ከተማ ወርደው ሌላ ሊያዩ ነው። ሂዱ አልኋቸው፣ ምሳ ቋጥሬ ሸኘኋቸው። እንደማውቃቸው ከሆነ እኔን ለመቅበር የሚደርስ ድንጋይ አይጨርሱም፤ እስኪጨርሱ ደግሞ እሳቸውም የትም አይሄዱብኝ።