አጋዘን በኅዳር ነው በጥር?

በየሰፈሩ ለሁሉም ነገር ትክክለኛውን ጊዜ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሽንኩርት የሚገዛበትን ሳምንት፣ ቆርቆሮ የሚቀባበትን ወር፣ ጥርስ የሚነቀልበትን ቀን ሳይቀር ያውቃል። እሱ ፊት የቆመ ሰው ሁልጊዜ ወይ ቀድሟል ወይ ዘግይቷል። በሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ይህን ከባድ ኃላፊነት፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ የተሸከሙት የቀለምና የሚስማር ነጋዴው ክቡር አቶ ሽበሺ ናቸው።

የሌላው ነገር እውቀታቸው ግን ማሟሟቂያ ነው። ሊቅነታቸው የሚገነፍለው አጋዘን አደን ላይ ነው። በወጣትነታቸው የውጭ አገር አዳኞችን ወደ ባሌ ተራሮች የሚያመላልስ መኪና ሾፌር ነበሩ። አንድ ወቅት ብቻ። ጠመንጃ ተኩሰው አያውቁም፣ ያዩትም አጋዘን አንድ ነው። ያቺ አንድ ወቅት ግን ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ አላለቀችም።

ጥቅምት ገብቶ ጠዋት ጠዋት ብርድ ብርድ ማለት ሲጀምር አቶ ሽበሺ በረንዳቸው ላይ ይወጡና አየሩን በአፍንጫቸው ስበው፣ "ወቅቱ ደርሷል!" ይላሉ። "ኅዳር! ከኅዳር ውጭ አደን የለም። አጋዘኑን ሌሊት ውርጩ ሲቀጠቅጠው ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ገላጣ ላይ ይወጣል። ቆሞ ነው የሚጠብቅህ!" አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ነፋስ አቅጣጫ ተምሮ ይሄዳል፤ ቀለሙን ረስቶ የሚሄድም አለ። የባጃጅ ሾፌሮች ሲያደርሷቸው ሞተሩን አያጠፉም፣ ካጠፉ ወሬው ስለሚጀመር። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንኳ አንዴ፣ "ምስኪን፣ ለኅዳር ጥቂት ሲቀረው!" ብለው ሐዘንተኞቹን ግራ አጋብተዋል።

ብቸኛ ልጃቸው ሳያት በዚህ ወሬ አድጋ፣ ተምራ፣ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆነች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ክብሩ፣ ሁለት ዓመት ሲወዳት ቆይቶ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሲነግራት አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችው።

"ማንም ሰው የእንስሳ ስም እንዳያነሳ። ዶሮም ቢሆን።"

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ የሚመሯቸው የክብሩ አጎት፣ የዶዶላው አቶ ደበሌ ነበሩ። ክብሩ እንደ ወጉ ውጭ መኪና ውስጥ ቀረ። ሳያትና እናቷ ወይዘሮ ታቢታ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ጆሯቸውን ጥለው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠየቁ፣ ተጸለየ፣ ተቀመጡ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ነገሩ እንደ ውኃ ይወርድ ጀመር።

"እንግዲህ ጌታ ከፈቀደ፣ ሠርጉ እንደ ሰው ሁሉ በጥር ይሁን" አሉ አቶ ሽበሺ።

አቶ ደበሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጥር እንኳ ለእኔ አይመችም። ሥራዬ ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች ጫካ መምራት ነው። ጥር ደግሞ ዋናው የአጋዘን ወቅት ነው።"

ሳያት የእናቷን ክንድ ጨመቀች። "አለቀልኝ።"

አቶ ሽበሺ የሚሪንዳ ጠርሙሳቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ይቅርታ፣ ምን አሉ?"

"ጥር።"

"ጥር?" አቶ ሽበሺ ተነሡ። "አቶ ደበሌ፣ አክብሬዎት ነው እንጂ፣ አጋዘን ኅዳር ነው!"

"በኅዳር ወንዱ ገና ጥሻ ውስጥ ነው፣ ወንድሜ። በጥር ሣሩ ሲያጥር ሴቷን ተከትሎ ይወጣል። ዓይኑም ልቡም እሷ ጋ ስለሆነ ሰው አያይም።"

"እኔ በኅዳር ነው ያየሁት! በነዚህ ዓይኖቼ!"

"ስንት አዩ?"

"አንድ።"

"እኔ በየዓመቱ ብዙ አያለሁ።"

"የእርስዎ ብዙ ይሆናል። የእኔ ግን ትልቅ ነበር!"

የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች የጫማቸውን ጫፍ ያዩ ጀመር። አንዱ ስለ ሰላም ሊጸልይ ቢሞክር ድምፁ አልተሰማም። በመጨረሻ አቶ ሽበሺ እጃቸውን አነሡና፣ "በጥር አጋዘን አለ ከሚል ቤተሰብ ጋር አልጋባም!" አሉ።

ወይዘሮ ታቢታ ሳህን እንደያዙ ከወጥ ቤት ወጡ። "ሽበሺ፣ የተጠየቅከው ልጅህን ነው። አጋዘን የጠየቀህ የለም።"

"ልጁስ የት አለ?" አሉ አቶ ሽበሺ፣ ሚስታቸውን እንዳልሰሙ ሆነው። "ጥሩት!"

እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም፤ ክብሩ ግን ተጠርቶ ገባ። ክራቫቱ ወደ አንድ ጎን ዞሯል። በሩ ላይ ቆሞ አጎቱን አየ፣ ቀጥሎ አማቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው አየ።

"አንተ ልጅ" አሉ አቶ ሽበሺ፣ "አጋዘን ለማደን የሚሻለው ወር የቱ ነው? አስበህ መልስልኝ።"

ሳያት ከበሩ ኋላ ዓይኗን ጨፈነች። ኅዳር ቢል ያሳደገውን አጎቱን ሽማግሌ ፊት ማዋረዱ ነው፤ ጥር ቢል እሷን ማጣቱ ነው። ሁለቱንም እንደማይል ስታውቅ፣ የሚለውን ለመስማት ፈራች።

"አባቴ" አለ ክብሩ፣ "እውነቱን ልንገርዎት። ከሐይቁ ዳር ጦጣና ጉሬዛ በቀር የዱር እንስሳ አይቼ አላውቅም። ወሩንም አላውቅም።"

በዚያ ቤት ለዚህ ጥያቄ "አላውቅም" ብሎ የመለሰ ሰው አልነበረም። ሁሉም ቶሎ ለመሄድ ሲል "ልክ ነዎት" ነበር የሚለው። የአቶ ሽበሺ ፊት ጠፍቶ የነበረ መብራት እንደመጣለት ቤት ቦግ አለ።

"አያውቅም!" አሉ፣ በዲግሪ የሚያስመርቁት ይመስል። "አቶ ደበሌ፣ ሰሙ? ልጁ ምንም አያውቅም!"

"የእኔ ጥፋት ነው" አሉ አቶ ደበሌ አንገታቸውን ደፍተው። ከዚያ ቀና አሉ። "ለምን በኅዳር ወደ ዶዶላ ተራራ አይመጡም? ልጁንም ይዘን እንውጣ። ማደን የለም፣ ለማየት ብቻ። ከታየ ኅዳር ይሁንልዎ። ካልታየ ግን ጥርን ይቀበላሉ፣ የሠርጉንም ቀን እኔ እቆርጣለሁ።"

"ተስማማሁ!"

ሳያት በሩን ገፍታ ወጣች። "እኔም እሄዳለሁ" አለች። "ሠርጉ የእኔ ነው።"

እነሆ በኅዳር አራቱም ተራራው ላይ ነበሩ። አቶ ሽበሺ ሦስት ሹራብ ደራርበው፣ አዲስ ቡትስ ጫማ አድርገው፣ ከሀዋሳ እስከ ኮፈሌ ስለ ነፋስ፣ ከኮፈሌ እስከ ዶዶላ ስለ ኮቴ ሲያስተምሩ መጥተዋል። ጎህ ሲቀድ ገላጣውን ከላይ የምታሳይ ድንጋይ ሥር ሲደርሱ አቶ ደበሌ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። "ከዚህ በኋላ ቃል የለም።"

ሳያት ከብርዱ ይልቅ ለአባቷ ሰጋች። ዝም ሲሉ አይታቸው አታውቅም። አሁን ግን ዝም አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶታል። ፀሐይዋ ወጣች። ገላጣው ባዶ ነው። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ውርጩ ቀለጠ፣ ገላጣው አሁንም ባዶ ነው። አቶ ደበሌ ሰዓታቸውን አዩ። ሳያት ወደ አባቷ ዞረች። መሬት መሬቱን ያያሉ። ሦስት ሹራብ ውስጥ ሆነው እንዲያ ሲያንሱ አይታ አታውቅም። ያን ጊዜ ስለ ሠርጉ ቀን መጨነቋን ተወች። ዛሬ ምንም ካልወጣ አባቷ ከዚህ ተራራ ይዘውት የሚወርዱት ወሬ አይኖራቸውም፤ አባቷ ደግሞ ያለ ወሬያቸው ምን ይሆናሉ? ስትንቀው ያደገችውን አጋዘን ዛሬ ራሷ ተመኘችው። "ውጣ" አለች በልቧ፣ "እባክህ፣ ለአባዬ ስትል ውጣ!"

የአቶ ደበሌ ጣት ተነሣ።

ገላጣው ዳር ካለው የአስታ ቁጥቋጦ መጀመሪያ ቀንድ ወጣ። ጥምዝ ብሎ ወደ ላይ የሄደ፣ ጫፉ ፀሐይ የነካው ቀንድ። ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ጥቁር ቡናማ ደረት። ወንድ ነበር። ክብሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። እንስሳው መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ከአፍንጫው እንፋሎት እየወጣ፣ ልክ እነሱ ወዳሉበት ቀና አለ። ሳያት ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። አንድ እጅ ክንዷን ያዘ።

"አየሽው?" አሉ አቶ ሽበሺ በትንፋሽ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

ዕድሜዋን ሙሉ ሲነግሯት ነው የኖሩት፤ ዛሬ ጠየቋት።

"አየሁት፣ አባዬ።"

እንስሳው ሳይቸኩል ዞሮ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። አቶ ሽበሺ ዘለው አቶ ደበሌን አቀፏቸው፣ ክብሩን አቀፉት፣ ድንጋዩንም ለማቀፍ ጥቂት ነው የቀራቸው።

ቁልቁል ሲወርዱ አቶ ደበሌ፣ "እውነት ለመናገር፣ በኅዳር እንዲህ ያለ ወንድ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ረቱኝ" አሉ።

አቶ ሽበሺ በደስታ ቸር ሆነዋል። "የለም፣ የለም! የወጣው ውርጩ ከቀለጠ በኋላ ነው። ይሄ የጥር ጠባይ ነው። ጥር ሳይሻል አይቀርም።"

"ኧረ ኅዳር ነው!"

"ጥር ነው እያልኩዎት!"

"ወንድሜ፣ እኔ ስንት ዓመት እዚህ ጫካ ስኖር..."

"እኔስ? እኔስ ሾፌር አልነበርኩም?"

ሳያትና ክብሩ ከኋላ እየሄዱ፣ ሁለቱ ሰዎች ሐሳባቸውን እንደገና ሳይገለብጡ፣ ሠርጉን ለታኅሣሥ ቆረጡ።

የጫካው መግቢያ ኬላ ላይ ካፖርት የለበሰ ጠባቂ ቆሞ ነበር። አቶ ሽበሺ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ጀመሩለት። ተራራውን ወርደው እስኪጨርሱ ድረስ አጋዘኑ አድጓል። ቀንዱን ለማሳየት ክንዳቸውን ዘረጉ፤ አልበቃ ሲላቸው በጣታቸው ጫፍ ጨመሩበት።

"እንዴ፣ ይሄን ያህል?" አለ ጠባቂው። "ቪዲዮ አላነሣችሁም?"

ሁሉም ወደ ሳያት ዞሩ። ኪሷ ውስጥ ጥርት ያለ ቪዲዮ አለ፤ በእውነቱ የሚያምር፣ ቀንዱ መጠነኛ የሆነ አጋዘን። አባቷን አየቻቸው። እጃቸው እንደተዘረጋ አየር ላይ ቀርቷል።

"ባትሪዬ ዘግቶብኝ ነበር" አለች። ከዚያም ወደ ጠባቂው ጠጋ ብላ፣ "ግን አባዬ አሳንሶ ነው የነገረህ።"

አቶ ሽበሺ ክንዳቸውን እንደገና ዘረጉ፣ አሁን ግን የክብሩንም ክንድ ጨምረው።