የታጠበው ላንድሮቨር

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። ያልቸኮለ ምን እንደሚደርስበት ግን የነገረን የለም። እኔ ልንገራችሁ።

ነገሌ ቦረና አስተማሪ ሳለሁ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ጌታሁን ወዳጄ ነበር። ሲያገባ ለሚስቱ ለብዙነሽ ሐይቅ ሊያሳያት ቃል ገብቶላታል። እሷ እዚያው ነገሌ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ብዙ ውኃ በአንድ ቦታ ያየችው ዝናብ ሲጥል መንገድ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ «መቼ ነው?» ስትለው፣ «እንዲህ ያለ ጉዞ በጥድፊያ አይሆንም» ይላታል።

በመጨረሻ ቆረጠ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር አንድ ግሪካዊ ሽማግሌ ወይን ተክለው፣ ወይን ጠጁን በደጃቸው ያስቀምሳሉ ሲባል ሰምተናል። እኔ ካርታ ስስል፣ እሱ ማደሪያ ሲመርጥ ሦስት ወር ከረምን። በየትኛው ጥላ ሥር ምንም ሳንሠራ እንደምንቀመጥ ሳይቀር ጻፍን። ለሥራ ፈትነት እንደኛ የደከመ የለም።

ላንድሮቨር ከነሾፌሩ ተከራየን። ጌታሁን ግን በዋዜማው ለሚስቱ ክብር ብሎ መኪናውን አሳጠበው። ውኃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት ከተማ መኪና ማሳጠብ አዋጅ ማስነገር ነው።

ጧት ስንወጣ የጎረቤታችን የሃምሳ አለቃው ሚስት ከሁለት ልጆችና ከሦስት ቆርቆሮ ቅቤ ጋር ከኋላ ተመቻችተዋል። የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ጃርሶ፣ ዓይናቸውን የታመሙትን ባለቤታቸውን እጅ ይዘው ቆመዋል።

«አካም፣ ጌታሁን! መኪናው ታጥቦ ስናይ እግዜር ሰማን አልን። አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ታደርሰናለህ። እኛ አማርኛችን ለሐኪም አይበቃም፤ ብዙነሽ ታስተርጉምልን።»

«እንዴታ፣ ኦቦ! ይግቡ እንጂ!»

እምቢ ማለት? በነገሌ ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ ከስርቆት አይተናነስም።

ሁሉም ሲሳፈር አንድ ቦታ ቀረ፤ እሱም የአስተርጓሚዋ። ጌታሁን ሚስቱን በሐዘን አያት።

«ሐይቁን እኔ ራሴ ላሳይሽ ነበር እኮ።»

«ካርታውን ስጠኝ» አለችው እየገባች። «ስድስት ዓመት በዝግታ ሄደሃል፤ ትንሽ ዕረፍ።»

በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመለሱ። የኦቦ ጃርሶ ባለቤት የልጅ ልጆቻቸውን በመልክ መለየት ጀምረዋል። ብዙነሽም አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ዳርቻው ስለማይታየው ውኃ፣ እግሯን ስትነክር ስለሸሹት ወፎች አወራችልን። ጌታሁን ራሱ ወስዶ ያሳያት ይመስል ኮራ።

ከዚያ ካርታውን ዘረጋችው።

«ሁሉም ልክ ነው። ሐይቁ ብቻ በስተቀኝ ሳለ በስተግራ አድርጋችሁታል። ግራ ግራውን ሳይ ሳላየው ላልፍ ነበር! ማነው የሳለው?»

ጌታሁን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጠርሙሱን መክፈት ጀመርኩ።

የምን አስተማሪ እንደነበርኩ አልነገርኳችሁም አይደል? የጂኦግራፊ ነበርኩ።