በር ዘግታ የምታበስል ሴት

ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ፣ የምግብ አሠራር ስትጠየቅ አንድ ነገር አስቀርታ የምትናገር አንዲት ሴት አለችው። የለችኝም የሚል ካለ ወይ ዘመዶቹን በደንብ አያውቅም፣ ወይ አስቀሪው ራሱ ነው። እነዚህ ሴቶች አይዋሹም። ቅቤውን በማንኪያ፣ ወተቱን በብርጭቆ ለክተው፣ ዱቄቱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆላ ሳይቀር ይነግሩሃል። ቤትህ ገብተህ ስትሠራው ግን የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። ሄደህ ስታማርር ደግሞ ሳቅ ይሉና "እጅ ነዋ!" ይሉሃል።

የእኛዋ አክስታችን ነበረች፣ የአባቴ ታናሽ እህት። ካረፈች አራት ወሯ ነው። ዕድሜዋን የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች፣ አውቶቡስ ነጂ አግብታ ልጅ ሳትወልድ የቀረች፣ እኛን የወንድሟን ልጆች እንደ ራሷ ልጆች የያዘች ሴት ናት። ፊት ለፊት እቴቴ እንላት ነበር። በሌለችበት ግን ማዕረጓ ረዘም ይል ነበር፦ ክብርት የትሪ ሚኒስትር። ማዕረጉን የሰጣት ፋርማሲስቱ ታላቅ ወንድሜ ሲሆን፣ በሙሉ ድምፅ ያጸደቅነው ደግሞ የቀረነው ነን።

ለዚህ ሹመት ያበቃት ትሪው ነው። መኮሮኒ ነው ብል አሳነስኩት፤ መኮሮኒ አይደለም ብል ደግሞ ዋሸሁ። ከታች መኮሮኒ፣ በላዩ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ቀስ ብሎ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ፣ በላዩ ከቅቤ፣ ከዱቄትና ከወተት የተማሰለ ነጭ ሶስ፣ እንደገና መኮሮኒ፣ እንደገና ሶስ፣ ከዚያ ለጤና ባለሙያ የማይነገር ብዛት ያለው ፎርማጆ። መሀሉ እንደ ገንፎ የለሰለሰ፣ ዳሩ ግን ቡናማ ሆኖ ጥርስ ስር ቀጭ የሚል ነው። ለዳሩ ስንል በሹካ ተወጋግተናል። ቀኑን ሙሉ ለደንበኞቹ ስለ ኮሌስትሮል ሲሰብክ የሚውለው ወንድሜ እንኳን ትሪው ብቅ ሲል ኮሌስትሮል የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይሆናል።

ልደትም ሆነ ምረቃ፣ የሥራ እድገትም ሆነ የሐዘን ማግስት፣ የምንሰበሰበው እቴቴ ቤት ነበር። ሥርዓቱ አይለወጥም። ክብርትነቷ ሳሎን አስቀምጣን ወጥ ቤት ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ቁልፉ ቀጭ ሲል ይሰማናል። ከአንድ ሰዓት በላይ አትታይም። ሰሃን ላግዝ ብሎ በሩን የነካ ሰው "ማንም እንዳይገባ! ነፋስ ከገባበት ይተኛል!" የሚል ድምፅ ይመልሰዋል። በመጨረሻ ላብ በላብ ሆና፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ትሪውን በሁለት ጨርቅ ይዛ ትወጣለች። እኛ ስንበላ እሷ ቆማ ታያለች። ተቀመጪ ስንላት መልሷ አንድ ነው፤ "እኔ ቀምሻለሁ፣ እናንተ ብሉ።" ወዲያው ተመልሳ ትገባለች፤ ሁለተኛው ትሪ አለና።

ይህ በር የመዝጋት አመል ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጣ ነው። እኛ ግን አንድ ቅመም እየደበቀች ነው ብለን ደመደምን። በሩ ሲዘጋ የሳሎኑ ችሎት ይጀመራል። ወንድሜ አንድ ጊዜ ቁራሽ በላስቲክ ጠቅልሎ ፋርማሲው ድረስ ወስዶ ሲያሸተው ውሎ "ገውዝ ናት! ገውዝ አስገብታበት ነው!" ብሎ ደወለልኝ፤ በሚቀጥለው ችሎትም ደገመው። ባንክ ቤት የምትሠራው ሚስቱ ደግሞ አሠራሩን በደብተር ጽፋ፣ በግራም መዝና ሠራችው። የወጣው ትሪ ግድግዳ ቢሠሩበት ዝናብ አያስገባም ነበር። እቴቴ ቀምሳ "ኧረ ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣ ትንሽ ብቻ ቸኮልሽ" አለቻት። እቴቴ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ስትዘጋ የወንድሜ ሚስት እንባዋ መጣ። "ሆን ብላ ነው። እኛ እንዳንችለው ፈልጋ ነው" አለች።

እኔ ጋዜጣ ላይ አምድ አለኝ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ላይ ካልቀለድኩ አዘጋጁ ይቆጣል። አንድ ሳምንት ሰው አጣሁና እቴቴን ጻፍኳት። ስሟን አልጠራሁም፤ ግን ማን ያጣታል? "ክብርት ሚኒስትሯ ምስጢሩን ይዛ መቃብር ትወርዳለች እንጂ ለሰው አትሰጥም" ብዬ ጻፍኩ። ሳይታተም በፊትም እሷው ቤት፣ እሷ ወጥ ቤት ሳለች፣ ለዘመዶቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲወጣም አንባቢ ወደደው፤ "የእኔም አክስት እንደዚሁ ናት" የሚል ደብዳቤ ጎረፈ።

በሦስተኛው ቀን ደወለች።

"ጽሑፍህን ጎረቤቴ አነበበችልኝ። ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል።"

"ደስ አለሽ እቴቴ?"

"ቀልደኛ ነህ። ግን ልጄ፣ እኔ ምንም አልደበቅኩም።"

እኔ ከንቱ ምን ብል ጥሩ ነው? ሳቅኩና "እሺ፣ ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ" አልኳት። ደህና ዋል ብላ ዘጋች።

ቀጥሎ ስንሰበሰብ ጠረጴዛው ላይ ከዳቦ ቤት የተገዛ ኬክ ነበር። "ደከመኝ፣ ዛሬስ አልቻልኩም" አለች። ከዚያም በኋላ ኬክ ነበር፤ ለሦስተኛ ጊዜም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር ሳሎን ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የሚያዝ ነገር ያጣች ሰው መሰለች። አንዳችንም ስለ ትሪው አላነሳንም። በእኔ ምክንያት እንደሆነ ልቤ ያውቃል፤ ይቅርታ ለመጠየቅም በሄድኩ ቁጥር ስለ አየሩ አውርቼ እመለሳለሁ። በሰው ለመቀለድ የሚሮጠው ምላሴ ለዚህ ለዚህ ሲሆን ይያዛል።

ከዚያ ወንድሜ ስልክ ደውሎ፣ ያለ ቀልድ፣ ሐኪሞቹ ያሉትን ነገረኝ። ጉበቷ ነው። ጊዜውም አጭር ነው።

እሷ ይህን ከሰማች በሳምንቱ ሁላችንንም ለምሳ ጠራችን። "እሁድ ኑ። ትሪውን እሠራለሁ" አለች። እኔን ለብቻዬ "አንተ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለህ ና" አለችኝ። ሰሃን ላመላልስ መስሎኝ ሄድኩ። እሷ ግን እጄን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችኝና በሩን ከኋላችን ቆለፈችው።

ያ ሁሉ ዘመን የተጠበቀው ምስጢር ፊቴ ቆሞ ነበር፤ ማጠፊያው የተሰበረ የኦቭን በር። ብትዘጋው ይከፈታል። ከፊቱ አንድ ዝቅ ያለ መቀመጫ ዱካ አለ፤ ዱካው አጠገብ የታጠፈ ወፍራም ብርድ ልብስ።

"ሰውየው ነው የሰበረው" አለች፤ ባሏን ማለቷ ነው። "ከባድ ነው ተዪ እኔ ላውጣልሽ ብሎ፣ ክፍቱ በር ላይ ተደግፎበት ቀጭ አለ። ስንስቅ ዋልን። እሁድ እሠራዋለሁ አለኝ።" ብርድ ልብሱን በእጇ ደልደል አደረገችው። "ሐሙስ ዕለት ሞተ።"

ከዚያ ወዲህ ትሪው በገባ ቁጥር ብርድ ልብሱን ጀርባዋ ላይ ታደርጋለች፣ ዱካው ላይ ትቀመጣለች፣ ጀርባዋን በሩ ላይ ደግፋ ሙቀቱን ትይዛለች። ለእያንዳንዱ ትሪ ሃምሳ ደቂቃ። እኛ ሳሎን ስንስቅ እሷ እዚያ ነበረች። ጀርባዋን ስታሳየኝ ወገቧ ላይ ጠቆር ያለ፣ የቆየ የቃጠሎ ምልክት አየሁ፤ የመዳፌን ያህል ይሆናል።

"መጨረሻ ላይ ሲለበልበኝ ትንሽ ፈቀቅ እላለሁ። ያኔ ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲወጣ ዳሩ ይደርቃል፣ መሀሉ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ያቺን የወንድምህን ሚስት ምን ልበላት? ጀርባሽ እስኪለበልብሽ ጠብቂ ልበላት?"

"ለምን አልነገርሽንም እቴቴ?"

"ብነግራችሁ ታስጠግኑት ነበራ" አለች። "ወይ አዲስ ትገዙልኛላችሁ።"

ያን ቀን አፌ የተፈታው እዚያ ነው። ጽሑፉን አነሳሁ፣ በድዬሻለሁ አልኳት፣ አለቀስኩም። እሷ እንባዬን በወጥ ቤት ጨርቅ ጠረገችልኝና ወደ ዱካው ገፋ አደረገችኝ።

"እኔ ዛሬ አቅም የለኝም፣ በሩን መግፋት አልችልም። አንተ ተቀመጥ። ዛሬ እኔ ከሰዎቹ ጋር ልብላ።"

የመጀመሪያውን ትሪ አብረን አወጣን፤ እሷ ሰዓቱን እያየች፣ እኔ ጀርባዬ እየተለበለበ። እንግዶቹ ሲመጡ እኔ ሁለተኛውን ይዤ ወጥ ቤት ቀረሁ። በሩን ዘጋችብኝ። ሃምሳ ደቂቃ አጭር የመሰለው ሰው መጥቶ እዚያ ዱካ ላይ ይቀመጥ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ወገቤ ተንቀጠቀጠ፣ ብርድ ልብሱም ሙቀቱን አልከለከለልኝም። እሷ በሰባ ዓመቷ ይህን ታደርግ ነበር።

ከዚያ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። እቴቴ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ጠብቆ፣ ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ ነው የተናገረው፤ ሹክሹክታ ነበር። "በጣም ከስታለች፣ አየሻት?" አለ። ሚስቱም "ዝም በል፣ እንዳትሰማህ" አለችው። ሁለቱም ጆሮዬ ስር ያወሩ ያህል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ወጥ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ከጣውላ የተሠራ ስስ ግድግዳ ነው። ከዱካው በላይ ደግሞ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ።

ጀርባዬ እየተቃጠለ ነው። ችሎቱን፣ ገውዙን፣ "ሆን ብላ ነው" የተባለውን፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩትን፣ መቃብር ትወርዳለች ያልኩትን፣ የሳቁን ብዛት፣ አንድ በአንድ አስታወስኩ። እዚህ ተቀምጣ ነበር። መነሳት አትችልም፤ ብትነሳ ምግባችን ይበላሻል።

እርምጃዋ ተመለሰ፣ ወንበሯ ተንቀሳቀሰ።

"ያ ጸሐፊያችን የት ጠፋ?" አለ ወንድሜ፤ አሁን በሙሉ ድምፁ። "ሥራ ሲሸት ነው የሚሰወረው! ቆይ፣ ዛሬ እሱን ነው የምናማው።"

ሁሉም ሳቁ።

"ተዉት፣ ሥራ ሰጥቼው ነው" አለች እቴቴ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም፤ ሰሃን አቀብሉኝ እንደምትል ነው የተናገረችው። "ሐሜቱን ግን ቀስ አድርጉት ልጆቼ። እዚያ ሲቀመጡ ሁሉም ነገር ይሰማል።"

አንድም ወንበር አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ሹካ ብቻ ቀስ እያለች ሰሃን ስትነካ ሰማሁ። እቴቴ እየበላች ነበር።