የማይተኙት የእንቅልፍ ሊቅ

እንቅልፉን የሚክድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ወይም አውቶቡስ በዚህች ምድር ላይ አይገኝም። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ሲያንኮራፋ ብትቀሰቅሱት በተቀየመ ዐይን አይቶ "አልተኛሁም" ይላችኋል። የዚህ ወገን አለቃ፣ ክቡር ዶክተር ዓምደ ሚካኤል፣ እዚህ ባሕር ዳር የምርምሬ አማካሪ ናቸው። ሙያቸው ደግሞ የእንቅልፍ ጥናት ነው፤ የፍራፍሬ ዝንብ ሲያረጅ እንቅልፉ እንዴት እንደሚዛባ ይመረምራሉ።

"አልተኛሁም፤ እያሰብሁ ነው" ማለት ልማዳቸው ነው። ዓምና የክፍላችን ሰዎች በጀልባ ዘጌ ሄደን፣ ሁላችን ከወረድን በኋላ ባለጀልባው ዳውድ ከኋላ ወንበር ላይ አገኛቸው። "አባባ፣ ደርሰናል" ቢላቸው፣ ሞገዱን እየቆጠሩ እንደ ነበር ነገሩት። ስንት እንደ ደረሰ በትሕትና ጠየቃቸው። "አቋረጥኸኝ" አሉት።

አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አሰቡ። ወንበር ሲንኳኳ ቀና ብለው "ናሙናው ያንሳል" አሉ። በእርግጥም ያንስ ነበር።

እኔ ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁ ነኝና መታረም አልወድም። በሚያዝያ አሮጌ ዝንቦቼ ማንም ያልጻፈውን ውጤት ሰጡኝ፤ ወጣቶቹ ጎሕ ሲቀድ ሲነቁ እነርሱ እስከ ቀትር ይተኛሉ። ይህን ለታላቅ ጉባኤ ልልክ የጥናቱን አኅጽሮት ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የማስገቢያው ቀን ዓርብ ነው፤ ጭብጨባው ከወዲሁ ይሰማኛል። ዶክተር አንብበው፣ ያረጀ ፍጡር ማልዶ እንደሚነቃ ከራሳቸው ሕይወት ጠቅሰው ተጠራጠሩ። እርስዎ ዝንብ አይደሉም አልኋቸው፤ በአክብሮት።

ሐሙስ ቀትር ላይ የአግዳሚ ወንበር ጠርዝ ጉንጫቸው ላይ ታትሞ ወደ ቢሮዬ ገቡ፤ በሩንም ዘጉት።

"እናትዓለም፣ ጠዋት ወደ አሮጌዎቹ ዝንቦች ክፍል ገብቼ ነበር። ጨለማ ነው።"

መስኮት ባይኖረውም መብራቱ ከንጋት ጀምሮ እንደሚበራ አስረዳኋቸው።

"አልበራም" አሉ። ወለሉን አዩ። "ተኛሁ። ስድስት ሰዓት ላይ በርቶ ቀሰቀሰኝ።"

በአራት ዓመት ውስጥ "ተኛሁ" ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተነሥቼ ሮጥሁ።

መብራቱን የሚያበራው ሰዓት ቆጣሪ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ ሃያ አራት ይቆጥራል። እኔ ግን እንደ አገሬ ቆጥሬ፣ ጠዋት በዐሥራ ሁለት እንዲበራ፣ ማታ በዐሥራ ሁለት እንዲጠፋ ብዬ 12 እና 24 ሞልቼበታለሁ። መሣሪያው ቀትርና እኩለ ሌሊት ብሎ ተረድቶኛል። የወጣቶቹን ክፍል ሰዓት ቆጣሪ የሞላችው ሰሊማ፣ በማዕረግ ከእኔ በታች የተመረቀችው፣ 6 እና 18 ብላ ነበር። ጠዋት ጠዋት ማስተማር ስላለብኝ ዝንቦቼን የምጎበኘው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጨለማውን አላየሁም። አሮጌዎቹ እንቅልፋም አልነበሩም፤ ንጋታቸውን የወሰድሁባቸው እኔ ነኝ።

ዓርብ በክፍላችን ስብሰባ ተነሥቼ አኅጽሮቱን እንደማልልክና ስሕተቱ የእኔ እንደ ሆነ ተናገርሁ። እስከዚያ ቀን ከተናገርሁት ሁሉ ይህ ከበደኝ። አንዱ መምህር ይህን ማን፣ እንዴት እንዳገኘው ጠየቀ። ዶክተር ጉሮሯቸውን ጠርገው አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁና ቀደምኋቸው።

"ዶክተር ናቸው" አልሁ። "ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው እያሰቡ ነበር።"

በታላቅ ክብር ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ዐይናቸውን ጨፍነው ማሰባቸውን ቀጠሉ።