በጀሪፍ የተቀመጡት የአዲስ አበባ ከንቲባ

ጋሽ ተድላን አንድ ተራ ቀን ለማዋል ለሬዲዮናቸው ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ አራት ብርጭቆ ሻይ፣ የራሳቸው ጉሮሮና የጎረቤት ሁሉ ጆሮ ይፈጃል። የምርጫ ሰሞን ከሆነ ሻዩንም ጆሮውንም እጥፍ አድርጉት።

ሐበሻ ተከራይቶ በሚኖርበት ግቢ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ አገሩን ከለቀቀ ሃያ ዓመት አልፎት፣ ከአገር ቤት ትናንት የመጣውን ሰው የሚያርም። የእኛው፣ እዚህ ካርቱም ጀሪፍ፣ የሐውሻችንን፣ የግቢያችንን ማለቴ ነው፣ የማዕዘን ክፍል ይዘው ማራገቢያ ይጠግናሉ። "ክቡር ከንቲባ" የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኛ ነን፤ አልተቃወሙም።

"ከተማዋን እኔ ነኝ የማውቃት!" ይላሉ። ከአዲስ አበባ የወጡት በደርግ ጊዜ ነው። ጎረቤታችን ሙሄዲን ከዚያ በመጣ በሳምንቱ፣ "ጋሼ፣ አሁን እኮ ቀለበት መንገድ ተሠርቷል" ቢላቸው፣ መፍቻቸውን አስቀምጠው "ማን ፈቀደ?" አሉት።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሲመጣ ሐውሹን በክፍለ ከተማ ደለደሉት። የቤቱ ባለቤት ሱዳናዊቷ ሐጃ ዛሂራ ቦሌ ሆኑ። እኔ፣ ከወሎ በመተማ በኩል የመጣሁት፣ አዲስ አበባን በዓይኔ አይቼ የማላውቀው ሴት፣ ጉለሌ ነሽ ተባልኩ።

"ጉለሌ ዛሬ ምን አለች?"

"ጋሽ ተድላ፣ እኔ ጉለሌን የት አውቄው!"

"መራጭ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ምን አለች?"

"ልብስ እያጠበች ነው።"

"ተቆጥታለች ማለት ነው! ምክር ቤቱ የኛ ነው!"

ሐጃ ዛሂራም በአረብኛ ከጓዳቸው ይጮሃሉ፤ "ያ ተድላ! ማራገቢያዋ ካልተጠገነላት ቦሌ ድምፅ አትሰጥም!"

እንስቃለን። እኔ ግን ስስቅ ሆዴ አይስቅም ነበር። ጋሽ ተድላ ምለዋል፤ "ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት በተቀመጠ ማግስት እኔም አገሬ እገባለሁ።" ልጄ ዘሊካ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ ፖርት ሱዳን ይሠራል፣ እኔ ሰው ቤት እሠራለሁ፣ እሷ እሳቸው ደጃፍ በማራገቢያ ክንፍ ስትጫወት ትውላለች። "ምክትሌ" ነው የሚሏት። እሳቸው ከሄዱ ልጄን ለማን ትቼ ነው ሥራ የምገባው? ይሸነፉ ብዬ እንዳልጸልይ፣ ሰውዬው ሃያ ዓመት የጠበቁት ነገር ነው። "ያ አላህ፣ ጋሽ ተድላ ያሸንፉ፣ ግን ቀስ ብለው" እል ነበር።

አሸነፉ። ያውም ቀስ ብለው አይደለም፤ የደገፉት ተቃዋሚ ከተማዋን ጠርጎ ወሰደ ሲባል ክቡርነታቸው ዘሊካን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ሐውሹን ዞሩት። ሲነጋ ዕቃ ማደል ጀመሩ። በኛ ዘንድ ጨርሶ አገሩ የሚገባ ሰው ዕቃውን ለግቢው ሰው አውርሶ ነው የሚሄደው። የራሳቸው ማራገቢያ ለሐጃ፣ ድስቱ ለሙሄዲን፣ የጠፍር አልጋው ለዘሊካ። ለራሳቸው አንድ ሰሌንና ሬዲዮኑን አስቀሩ። አልጋውን ስቀበል አፌ እንኳን ደስ አለዎት ይላል፣ ዓይኔ ዘሊካ ላይ ነው።

ከዚያ የሬዲዮኑ ድምፅ ተለወጠ። ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ፣ ምክር ቤቱ ሊቀመጥ ነው፣ አይቀመጥም። ሳምንት ሳምንትን ወለደ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሐውሹ ጭጭ ብሏል። ይህንን ዝምታ ስንት ዓመት የተመኘሁት ሰው፣ ስሰማው ልቤ ወደቀ።

"ጋሽ ተድላ!"

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ሰሌኑ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሬዲዮኑ ድንጋዩ ወጥቶ አጠገባቸው ተደፍቷል።

"ጉለሌ መጥታለች" አልኳቸው።

"ዘምዘም፣ ሳይቀመጡ ቀሩ" አሉኝ።

"እርስዎስ እዚህ መሬት ላይ እስከ መቼ ሊቀመጡ ነው?"

አልጋውን እንዳልመልስላቸው፣ የሰጡትን ዕቃ መመለስ ደግሞ ነውር ነው፤ "መሄድ አቅቶዎታል" ብሎ እንደ መሳደብ። ብቻዬን አስቤ አስቤ፣ አልጋውን እየጎተትኩ በራቸው ላይ አቆምኩት።

"ጠፍሩ ረግቧል፣ ያጥብቁልን።"

ወዲያው ሐጃ ዛሂራ የወረሱትን ማራገቢያ ታቅፈው መጡ። "አይዞርም!"

ጋሽ ተድላ ሰኩት። ሽር አለ። "ደኅና ነው እኮ!"

"ለአንተ ይዞራል። ለእኔ አይዞርም!"

ሙሄዲንም ድስቱን ይዞ መጣ፣ ምኑ እንደተበላሸ ግን ሳያዘጋጅ። ክቡርነታቸው ሁላችንንም በየተራ አዩን። ገብቷቸዋል።

"ጥገናው ጊዜ ይፈልጋል" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

"ማን ቸኮለ?" አልኩ።

ዘሊካ ባትሪዎቹን ከሰሌኑ ሥር ለቅማ እጃቸው ላይ አደረገችላቸው። "ያላ!" አለቻቸው።

ዕቃውን እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። እሳቸውም ስለሚመጣው ምርጫ መተንተን ጀምረዋል፣ ጆሯችንም እንደ ድሮው መከራውን እያየ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

እናንተ ከአዲስ አበባ ወደ ካርቱም የምትመጡ፣ አደራ፣ በጀሪፍ በኩል እለፉ። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ያዙ። ስለ ከተማችሁ ሲነግሯችሁ አታርሟቸው፣ ቀለበት መንገዱን አታንሱባቸው፣ መቼ ነው የሚገቡት ብላችሁም አትጠይቋቸው። የየት ሰፈር ሰው ናችሁ ካሏችሁ ደግሞ ደስ ያላችሁን በሉ፤ ጉለሌን ብቻ ተዉልኝ፣ ተይዟል።